ያልረሱት ቄስ

አክስቴ ወለተሐና በሕይወቷ ሁለት ሰው አስታማለች፤ አማቷንና ባሏን። ሁለቱንም ያመማቸው ጭንቅላታቸውን ነው። ለአማቷ አገሩ ሁሉ አዘነላቸው። በባሏ ላይ አገሩ ሁሉ ፈረደባቸው። እኔ፣ የእኅቷ ልጅ ጣሰው፣ ያን ጊዜ ደብረ ብርሃን አስተማሪ ነበርኩ። ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከፊሉን ራሷ አክስቴ ነግራኛለች።

ወለተሐና የእናቴ ታናሽ እኅት ናት። ከአንኮበር ወደ ቆላው በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ ወይራ አምባ የምትባል ትንሽ ደብር ነበረች፤ በማርያም ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ሃያ የሚሆኑ የካህናትና የገበሬ ቤቶች የተኮለኮሉባት። አክስቴ በዐሥራ ስድስት ዓመቷ የተዳረችው ለዚያች ደብር ዲያቆን ለገብረአብ ነው። እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ ቀሰሱ። አራት ልጆች ወልደው ሦስቱን ቀበሩ፤ የተረፈችው አልታየች መዘዞ ተዳረች። አክስቴ የበግ ጠጉር በመፍተል የታወቀች ነበረች። በሷ ፈትል የተሠራ ባና ውርጭ አያስገባም ይባል ነበር።

ቄስ ገብረአብ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲያናግሩ ዓይናቸውን መሬት ላይ የሚጥሉ ሰው ነበሩ። ከሌላ ደብር ድረስ ንስሐ ሊገቡ ወደሳቸው የሚመጡ ነበሩ። ትርጓሜ ያውቃሉ፤ ግን አያበዙም። አንድ ገበሬ ከወንድሙ ጋር በድንበር ተጣልቶ ሲመጣ ቀኑን ሙሉ ያዳምጡትና ማታ ላይ አንዲት ነገር ይሉታል። እሱም አልቅሶ ይሄዳል። አክስቴ "ከኔ ጋር ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም" ትል ነበር።

መጀመሪያ የታመሙት እናታቸው እማሆይ አስካለማርያም ናቸው። ጊዜው ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አምስት ነው። "ዛሬ ቀኑ ማን ነው?" ይላሉ። "ሚካኤል ነው" ትላቸዋለች አክስቴ። የያዙትን እፍኝ ምስር ለቅመው ሳይጨርሱ "ዛሬ ቀኑ ማን ነው?" ይላሉ። ወጡ ውስጥ ጨው ሁለቴ ይገባል፣ ሦስቴ ይገባል። አንድ ቀን ሃምሳ ዓመት የተመላለሱበት የምንጭ መንገድ ጠፋቸውና ጎረቤት እጃቸውን ይዞ መለሳቸው። ከዚያ ሰው መለየት አቃታቸው። ልጃቸውን ቄሱን በልጅነት የሞተ ወንድማቸው መስሏቸው "አካሌ፣ መቼ መጣህ?" ይሏቸው ነበር።

ነገር ግን አክስቴ ደጋግማ የነገረችኝ አንድ ነገር አለ። እማሆይ ሁሉን ሲረሱ ማፈርን አልረሱም። ቆባቸው ከራሳቸው ሲንሸራተት ይደነግጣሉ። የማያውቁት የመሰላቸው ሰው ሲገባ፣ ያ ሰው የገዛ ልጃቸው ቢሆንም፣ ብድግ ብለው "ኖር!" ይላሉ። ሕፃን ሲያለቅስ ከሰሙ የማን ልጅ እንደሆነ ሳያውቁ እንባቸው ይመጣል።

ቄስ ገብረአብ እናታቸውን እንደ ታቦት ነበር የያዟቸው። ማታ ማታ እግራቸውን ያጥባሉ። የተደጋገመውን ጥያቄ እንደ አዲስ ይመልሳሉ። አንድ ጎረቤት "አባ፣ አሁን እኮ ነግረዋቸዋል፤ ዝም ቢሉስ?" ቢላቸው "እኔ ዐርባ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ግን አሁን ገና መጠየቃቸው ነው" አሉት። አገሩም "አርጅተዋል፣ ጃጅተዋል፣ የሁላችንም ዕጣ ነው" እያለ ጠላም እንጀራም ይዞ ይጠይቅ ነበር። እማሆይ በአምስተኛው ዓመት ዐረፉ፤ ለቅሶአቸው ላይ ያልተገኘ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ገደል ገብቶ ሞተ። ቄስ ገብረአብ ዕድሜአቸው ሃምሳ አራት ነው። ፍትሐቱ አልቆ እናቱ መሬት ላይ እየተንከባለለች ስታለቅስ ቄሱ ጮክ ብለው "ንፍሮው አልደረሰም እንዴ?" አሉና ሳቁ። ሰው ተያየ። አንዱ "ቀልባቸው ሌላ ቦታ ነው" አለ፤ ነገሩም ታለፈ።

አክስቴን የቆረጣት ግን ሌላ ቀን ነው። የአልታየች የመጀመሪያ ልጅ በአራት ወሩ ሞተና መልእክተኛ ከመዘዞ መጣ። አክስቴ ወገቧን ይዛ ወደቀች። ቄሱ በመደቡ ላይ ተቀምጠው መልእክተኛውን ሰሙና "እሺ" አሉ። ቀጥለውም "እራት አቅርቢ" አሏት።

"የልጅ ልጅዎ ሞተ እኮ ነው የሚልዎት!" አለች።

"ሰምቻለሁ። እራት አቅርቢ።"

ለቅሶ ሄዱ። አልታየች እግራቸው ላይ ወድቃ ስታለቅስ እሳቸው ከመሶቡ ዳቦ እየቆረሱ ይበሉ ነበር። አልታየች ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አባቷ ቤት አልመጣችም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየከፋ ሄደ። ማር ካዩ አይለቁም። ሰው ቤት ገብተው ሳይጋበዙ ያነሳሉ። አንዲት ባልቴት ንስሐ ልትገባ መጥታ ኃጢአቷን ስትነግራቸው፣ እዚያው አደባባይ ላይ ያለችውን መልሰው ተናገሩባት፤ ሴትዮዋም አገር ጥላ ሄደች። በዐቢይ ጾም ቆላ ወርደው ዓልዩ አምባ ገበያ ላይ ከአንድ እስላም ቤት ሥጋ በሉ። ያንን ያደረገ ቄስ በዚያ አገር ተሰምቶ አይታወቅም። ሸማ የሚሸጠው እንድሪስ የሚባል አርጎባ ደንበኛቸው ነበርና በበቅሎው ጭኖ አፋፉ ድረስ አምጥቷቸው አክስቴን ለብቻዋ ጠራት። "ሃያ ዓመት አውቃቸዋለሁ። እኚህ ሰው አልከፉም፤ ታመዋል። አላህ ይማራቸው" አላት። እሱ በዚያ ዓመት ታመዋል ያለ ብቸኛው ሰው ነበር።

የሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት የጥር ማርያም ዕለት የደብሯ ንግሥ ነበር። ተረኛው ቀዳሽ ቄስ ገብረአብ ናቸው። አክስቴ ሌሊት የጋገረችውን ድፎ ለመሸፈን ስትሄድ ግማሹ ተገምጦ አገኘችው። ፍርፋሪው እሳቸው ከነበሩበት መደብ እስከ በሩ ድረስ ይታያል። ካህን በልቶ አይቀድስም። በልቶ መቅደስ ከገባ ለሱም ለሕዝቡም ምን እንደሚሆን የቄስ ሚስት ታውቃለች።

ነጠላዋን ሳታጣፋ ሮጠች። ስትደርስ ልብሰ ተክህኖውን ለብሰው ወደ ውስጥ ሊገቡ ነው። ሴት አልፋ መግባት አትችልም። በሩ ላይ የቆመውን ዲያቆን በእጅዋ ጠርታ "በልተዋል፤ እንዳይገቡ" አለችው። ይህን ስትነግረኝ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ታቆማለች። "ይሁዳ ማን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው" አለችኝ አንድ ቀን።

የደብሩ አለቃ ኪዳነ ማርያም ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ሕዝቡ እየሰማ ጠየቋቸው።

"ቄስ ገብረአብ፣ ዛሬ ጠዋት ቀምሰዋል?"

"በልቻለሁ። ድፎው ጥሩ ነበር፤ ማር ግን የለውም።"

"በልተው ሊቀድሱ ነበር?"

"አዎ። ተራዬ ነው።"

"ኃጢአት መሆኑን አያውቁም?"

"ኃጢአት ነው" አሉ ቄሱ በረጋ ድምፅ፣ ተማሪ ሲጠየቅ እንደሚመልስ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። ኀፍረትም፣ ፍርሃትም።

አለቃ ኪዳነ ማርያም ጨካኝ ሰው አልነበሩም። ግን ከዚህ በላይ ምን ይጠይቁ? ሰውየው አልሰከሩም፤ አላበዱም፤ ቀኑን ያውቃሉ፤ ኃጢአቱን ያውቃሉ። ከአገልግሎት አገዷቸው። አገሩም በየፊናው ፈረደ። አንዱ "ድግምት ገልጠው ነው" አለ፤ ሌላው "ድሮም ደግነታቸው ለማስመሰል ነበር" አለ። ጥቂት ወር ሳይቆይ "እሳቸው" መባሉ ቀረና "እሱ" ሆኑ። ልጅ እግሩ ሳይቀር "አንተ፣ ና ወዲያ" ይላቸው ጀመር። ቄሱ አይከፋቸውም። አክስቴ ግን እስከ መጨረሻው "አንቱ" እንዳለቻቸው ኖረች።

ጠበል ወሰደቻቸው። ሁለት ሱባኤ ተቀመጡ። ሰው ሲጮህና ሲንቀጠቀጥ እሳቸው ጸሎቱን አብረው በቃላቸው ይደግማሉ፤ ሲያበቃ የበሽተኛውን ሁሉ ስንቅ ይበላሉ። አጥማቂው "ልጄ፣ በእኚህ ሰው ላይ የሚለቅ ነገር አላየሁም" ብለው አሰናበቷት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስድስት ጥቅምት ላይ በበቅሎ ይዛቸው ደብረ ብርሃን እኔ ቤት መጣች። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ጧት ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድኳቸው። ድሬሰሩ፣ ማለት የሐኪም ረዳቱ፣ ብርሃነ መስቀል የሚባል፣ ከእንግሊዞች ጋር በጦር ሠራዊት ሆስፒታል ሠርቶ የተማረ ትልቅ ሰው ነበር። ልባቸውን ሰማ፣ የደም ግፊታቸውን ለካና "እርጅና ነው እማማ። ይጃጃል ሰው" አላት።

አክስቴ አልተነሣችም።

"እርጅናን አውቀዋለሁ ጌታዬ። አምስት ዓመት አጥቤዋለሁ፣ አጉርሼዋለሁ። የባለቤቴ እናት መንገድ ጠፍቷቸው ነበር፤ እሳቸው ግን በጨለማ ዓልዩ አምባ ወርደው ይመለሳሉ። እናታቸው ቀኑን ረሱ፤ እሳቸው በዓሉን ከነወርኃዊው ይነግሩኛል። እናታቸው ሰውን ረሱ እንጂ ሰው ሲያለቅስ ያለቅሱ ነበር። እሳቸው ሁሉን ያውቃሉ። የሚያለቅስ ሰው ግን አያዩም። ሁለቱ አንድ በሽታ ከሆነ አንድ ነው ይበሉኝ።"

ድሬሰሩ እስክርቢቶውን አስቀመጠ።

"በድንገት ነው የጀመራቸው? አንድ ቀን ጠዋት እጅ እግር ዝሎ፣ አፍ ተጣሞ?" አላት።

"የለም። እንደ ጉም ነው የመጣው።"

"ይህን የምጠይቅዎ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ የማክመው አንድ ሽማግሌ ስላለ ነው። የሱ ሕመም ደረጃ እንደ መውረድ ነው። ደህና ይቆይና አንድ ቀን ደም ሥሩ ይዘጋል፤ ግማሽ ንግግሩ ይሄዳል። ስድስት ወር እንደዚያው ይቆይና ደግሞ አንድ ደረጃ ይወርዳል። የርስዎ ባል እንደሱም አይደሉም፤ እንደ እናታቸውም አይደሉም።" ወረቀት ሳበና "እማማ፣ እኔ ይህን አላውቀውም። የሚያውቅ ሰው ዘንድ ልጻፍልዎ" አላት።

በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይዣቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ ቄሱ ከአንዲት ሴት ጭን ላይ ዳቦ አንሥተው በሉ፤ አክስቴ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ለመነች። ሆስፒታሉ ውስጥ ያየን ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ዶክተር ዘርአ ዳዊት የሚባል ቀጭን ሰው ነው። ቀኑን ጠየቃቸው።

"ኅዳር ስምንት፣ አርባዕቱ እንስሳ። ዘመነ ዮሐንስ" አሉ ቄሱ።

ዶክተሩ ፈገግ አለ። "ከኔ ይበልጣሉ" አላቸው። ሦስት ነገር ስም ነግሯቸው ቆይቶ ጠየቃቸው፤ አንዱንም አልሳቱም። የዘወትር ጸሎት ይበሉልኝ አላቸው፤ ሳይሰናከሉ አወረዱት። ቀጥሎ "የሚያውቁትን እንስሳ ሁሉ ይቁጠሩልኝ" አላቸው።

"በግ። በግ። ላም። በግ።" ዝም አሉ።

"'ድር ቢያብር አንበሳ ያስር' ሲባል ምን ማለት ነው?"

እኚህ የትርጓሜ ሰው ናቸው። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ቄሱም "ድር ይበጠሳል። አንበሳ የለም" አሉ።

አክስቴ ጥግ ላይ ተቀምጣ እንባዋ ይወርድ ነበር። ዶክተሩ ወደሷ እያመለከተ በለስላሳ ድምፅ "ባለቤትዎን ይመልከቷቸው። ምን ሆኑ?" አላቸው።

ቄሱ ዘወር ብለው ረጅም ጊዜ አዩዋት። "ዓይኗ ረጥቧል" አሉ። "ምሳ መቼ ነው?"

ከዚያ ዶክተሩ አክስቴን ጠየቃት። ከርስዎ ይበልጥ የሚያውቃቸው አለ? ወድቀው ያውቃሉ? ይጠጣሉ? እጃቸው ይንቀጠቀጣል? የሌለ ሰው ይታያቸዋል? አንድ ቀን ደህና፣ አንድ ቀን ድንዝዝ ይላሉ? "የሌለ ሰው እያዩ ቡና አቅርቡለት የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። ያ ደግሞ ሌላ ነው" አላት። ለሁሉም "የለም" አለች። ቄሱን ወደ ውጭ ካስወጣቸው በኋላ እኔን ጠጋ ብሎ "ደማቸውን ለቂጥኝ መመርመር አለብኝ" አለኝ። ድምፁን ዝቅ ቢያደርግም አክስቴ ሰማች።

"ቂጥኝ? ቄስ ናቸው እኮ!"

"አውቃለሁ እማማ። ቂጥኝ ብዙ ዓመት ተደብቆ ቆይቶ ጭንቅላት ላይ ሲወጣ ሰውን እንዲህ ያደርጋል። ስድብ አይሁንብዎ። እሱ ከሆነ በመርፌ ልናቆመው እንችላለን። ካልሆነ ግን መድኃኒት የለኝም።"

"እንግዲያውስ እሱ ይሁን" አለች አክስቴ።

ውጤቱ አንድ ሳምንት ቆየ። ያረፍነው አንድ ዘመድ ቤት ነበር። አክስቴ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። ምን ብላ እንደምትጸልይ አውቅ ነበር። ባሏ ያ የኀፍረት በሽታ እንዲኖርባቸው፣ ከሠላሳ ዓመት በፊት አንድ ቦታ በድለዋት እንዲሆን እየለመነች ነው። በስምንተኛው ቀን ዶክተሩ ወረቀቱን ገልጦ "ደማቸው ንጹሕ ነው" አላት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ተንሰቅስቃ አለቀሰች።

ዶክተሩ እስክትረጋ ጠበቃትና ነገሩን አስረዳት። የእናታቸው በሽታ የጀመረው ትዝታ ከሚከማችበት በኩል ነው። የሳቸው የጀመረው ከግንባር በስተኋላ ካለው በኩል ነው። ይህን አድርግ፣ ያንን ተው የሚለው፣ የሰውም ሐዘን የሚገባን በዚያ በኩል ነው፤ ያ እየሟሸሸ ነው። በእርጅና ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት ላይም ይጀምራል። ቀስ በቀስ ቃላቸውም ያልቃል። አምስት ዓመት፣ ምናልባት ስድስት።

"አንዲት ጥያቄ አለችኝ" አለች አክስቴ። "የጥር ማርያም ዕለት ድፎውን ሲበሉ ኃጢአት መሆኑን ያውቁ ነበር?"

"ያውቁ ነበር። ቢጠየቁም ኃጢአት ነው ይሉ ነበር። ማወቁ አለ። የሚያግዳቸው ነው የሌለው።"

"እንግዲያው ይጠየቁበታል?"

"በእግዚአብሔር ዘንድ ያለውን እኔ አላውቅም። በኔ ሙያ ግን አይጠየቁበትም። እግሩ የተሰበረ ሰው ለምን አልቆምክም ተብሎ አይጠየቅም።"

"ይህንን ይጻፉልኝ" አለች። በአማርኛ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጣት።

ወደ ወይራ አምባ ከመመለሷ በፊት መዘዞ ልጇ ዘንድ ሄደች፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። አልታየች በሩ ላይ ቆማ እናቷን ስማ አባቷን ሳትስም ቀረች። አስገባቻቸው እንጂ አላናገረቻቸውም። አክስቴ ወረቀቱን አውጥታ ሰጠችኝና ለአልታየች አነበብኩላት። አልታየች እስከ መጨረሻው ሰማችና "ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው ያሉት?" አለች።

"ከአራት ዓመት በፊት ይሆናል አሉ።"

"ልጄ የሞተ ጊዜ… ያን ጊዜ ታመው ነበር?"

"ታመው ነበር ልጄ።"

አልታየች ወደ አባቷ ሄዳ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች። ጉልበታቸውን ይዛ "አባቴ፣ እኔ ረግሜዎታለሁ። በየቀኑ ነው የረገምኩዎት" እያለች አለቀሰች። ቄሱ በራሷ ላይ አሻግረው ምድጃው ላይ ያለውን ድስት ይመለከቱ ነበር። እሷም አየች፤ ግን አልተነሣችም። ቆይታ ድስቱን አውጥታ አጎረሰቻቸው።

ወይራ አምባ ላይ ነገሩ እንደዚያ አልሆነም። አለቃ ኪዳነ ማርያም ሽማግሌዎችን ሰብስበው ወረቀቱ ተነበበ። አንደኛው ሽማግሌ "በሐኪም ወረቀት ክህነት ይመለሳል እንዴ?" አለ።

አክስቴ ከሴቶቹ መካከል ብድግ አለች። "ክህነታቸው ይመለስ አላልኩም። መቀደስ አይችሉም፤ ይህን ማንም ሳይነግረኝ የነገርኳችሁ እኔ ነኝ። ስማቸውን መልሱልኝ ነው የምላችሁ። ታመሙ እንጂ አልከፉም በሉ። የዚህችን አገር ሰው ሁሉ ኃጢአት ሠላሳ ዓመት ተሸክመዋል፤ እናንተ የሳቸውን በሽታ ኃጢአት አታድርጉባቸው።"

ከፊሉ አመነ፤ ከፊሉ "ሚስት ናት፣ ምን ትበል" አለ። አለቃው ግን በማግስቱ ብቻቸውን ቤቷ መጡ። ቄሱ አጠገብ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ሲወጡ "እኔ እንደ ዳኛ ጠየቅኋቸው፤ እንደ ወንድም አላየኋቸውም ነበር" አሏት። ከዚያ በኋላ በየበዓሉ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ቦታ እንዲሰጣቸው አዘዙ፤ የተባረከውም ዳቦ በእጃቸው እንዲሰጣቸው። የሚሸሻቸው ግን እስከ መጨረሻው አልጠፋም። ያቺ አገር ጥላ የሄደችው ባልቴትም አልተመለሰችም። አክስቴ ፈልጋ ልታገኛት ለሚ ድረስ ሰው ልካ ነበር፤ ሳይሆን ቀረ።

ከሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ወዲያ ንግግራቸው እየጠበበ ሄደ። ጸሎቱ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ቆየ፤ ከዚያ እሱም ተቆራረጠ። ክረምት ላይ ጉም ገደሉን ሞልቶ ሲወጣ በሩ ላይ ይቀመጣሉ፤ አክስቴ አጠገባቸው ትፈትላለች። ጎረቤት ሲያልፍ ትጠራዋለች፤ አንዳንዱ ይገባል፣ አንዳንዱ እንዳልሰማ ያልፋል። ታጥባቸዋለች፣ ትቀይራቸዋለች። ምግቡን በጥቂት በጥቂቱ ነው የምታጎርሳቸው፤ አለዚያ ሳያላምጡ ይውጡና ይታነቃሉ። አንድ ጊዜ በጥፊ መትተዋት ጥርሷ ወለቀ። ለኔ ስትነግረኝ "እጃቸው ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም" አለች፤ ጥርሷን ግን በጨርቅ ቋጥራ አስቀምጣው ነበር።

ቄስ ገብረአብ በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ዐረፉ። ፍትሐቱን አለቃ ኪዳነ ማርያም ራሳቸው መሩት። ከደብሩ ካህናት አራቱ ሳይመጡ ቀሩ። አክስቴ ግን አላለቀሰችም፤ ሴቶቹም "ልቧ ደረቀ፤ ተገላገለች" ብለው አሟት። እኔም ገርሞኝ ነበር። በለቅሶ ሰው ፊት ግን አልጠየቅኳትም። አልታየች ግን እናቷን ይዛ በእናቷም ፈንታ አለቀሰች።

በተዝካሩ ሰሞን ሄጄ ሁለት ቀን ተቀመጥኩ። ከእርሻው አጠገብ ፀሐይ እየሞቅን "አክስቴ፣ ከሁለቱ የቱ ይከብድ ነበር?" አልኳት።

"እማሆይ ስሜን ረሱ። ማን እንደሆንኩ ሳያውቁ ግን እጄን ይዘው 'አንቺ ልጅ፣ በርዶሻል' ይሉኝ ነበር፤ ነጠላቸውን ሊያለብሱኝ ይታገሉ ነበር። ባለቤቴ ግን ስሜን አልረሱም። ቃል እስኪያልቅባቸው ድረስ ወለተሐና ይሉኝ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት እንዳሉኝ፣ በዚያው ድምፅ። በተጠራሁ ቁጥር የድሮው ሰው ተመልሰው መጡ ብዬ ቀና እላለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ጣሰው፣ በተጠራሁ ቁጥር።"

ከዚያ እንባዋ መጣ። ቆይታ ፊቷን ጠረገችና ዝናብ ሳይመጣ የተሰጣውን ጠጉር እንዳነሳላት ጠየቀችኝ፤ አብረን አነሣነው።